የሳተላይት ማዘዣ ቋንቋዎች፦ የጋራ ደረጃው እና የትርጉሙ ፈተና

ሳተላይት ወይም ማንኛውም የኅዋ መንኮራኩር ወደ ምሕዋሩ ከገባ በኋላ በምድር ካሉት አስተዳዳሪዎቹ ጋር የሚያገናኙት ሁለት ነገሮች ብቻ ናቸው፤ አንዱ ወደ እርሱ የሚላከው ትእዛዝ ሲሆን ሌላው ከእርሱ የሚመጣው የመለኪያ መረጃ፣ በሙያው አጠራር ቴሌሜትሪ ነው። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለውን ሥራ የሚገዛው ጽሑፍ ፕሮሲጀር ይባላል። ፕሮሲጀር አንድን ተግባር ለመፈጸም የትኛው ትእዛዝ ከየትኛው ቀድሞ እንደሚላክ፣ ከእያንዳንዱ ትእዛዝ በፊትና በኋላ ቴሌሜትሪው ምን ማሳየት እንዳለበት፣ የታየው ከተጠበቀው ቢለይ ደግሞ ምን እንደሚደረግ የሚደነግግ ሰነድ ነው። ሰነዱ በወረቀት ታትሞ፣ አንድ ኦፕሬተር እያነበበ ሌላው ትእዛዙን እየላከ በሚሠራበት ዘመን የተጻፈበት ቋንቋ የአንባቢው ጉዳይ ብቻ ነበር፤ አንባቢው መሐንዲስ በመሆኑ የጎደለውን በዕውቀቱ ይሞላዋል፣ የተዛባውን ይጠረጥራል። ኮምፒዩተር ራሱ አንብቦ እንዲፈጽመው ሲደረግ ግን ፕሮሲጀሩ ፕሮግራም ይሆናል፤ ያልተጻፈ ነገር አይፈጸምም፣ በተሳሳተ መንገድ የተጻፈም ያለ ጥርጣሬ ይፈጸማል።

ወደ አውቶሜሽን የተኬደው በምርጫ ብቻ አይደለም። ለምድር ቀረብ ባለ ምሕዋር የሚዞር ሳተላይት በአንድ የምድር ጣቢያ ላይ ሲያልፍ የሚታየው አብዛኛውን ጊዜ ለ10 ደቂቃ ያህል ወይም ከዚያ ላነሰ ጊዜ ነው፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ የሳተላይቱን ጤንነት መመርመር፣ የተጠራቀመውን መረጃ ማውረድና የሚቀጥለውን የሥራ መርሐ ግብር መጫን ያስፈልጋል። ከምድር ወገብ በላይ በ36,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ ያሉት የመገናኛ ሳተላይቶች ደግሞ ከጣቢያቸው እይታ አይጠፉም፣ ነገር ግን አንድ ድርጅት ከ50 የሚበልጡ እንዲህ ያሉ ሳተላይቶችን በአንድ ጊዜ ሊያስተዳድር ስለሚችል ለእያንዳንዱ ሌሊትና ቀን የሚተጋ ባለሙያ መመደብ አይቻለውም።

ለዚህ ሥራ ልዩ ቋንቋ የመፍጠሩ ሐሳብ ከኅዋ ጉዞው ዘመን ጋር እኩል የቆየ ነው። የሳተርን ሮኬቶች በሚፈተሹበት ጊዜ አቶል የተባለ የፍተሻና የማስወንጨፊያ ቋንቋ ተሠርቶ ነበር። በ1970ዎቹ በኬኔዲ የኅዋ ማዕከል ለስፔስ ሻትል ዝግጅት ጎል የተባለው ቋንቋ ተከተለ፤ ዓላማውም የፕሮግራም ሙያ የሌለው የፍተሻ መሐንዲስ ራሱ ሊጽፈውና ሊያነበው እንዲችል ከዕለት ተዕለት እንግሊዝኛ ጋር የተቀራረበ ማድረግ ነበር። አውሮፓውያን ኢቶል የሚሉትን አዘጋጁ፤ ኮሎምበስ ለተባለው የኅዋ ቤተ ሙከራቸውም ዩሲኤል የተባለ የራሱ ቋንቋ ተበጀለት፣ በዓለም አቀፉ የኅዋ ጣቢያ ላይ ደግሞ ድሬፐር ላቦራቶሪ የሠራው ታይምላይነር ገባ። ከሁሉም በላይ የተስፋፋው ከናሳ የጎዳርድ ማዕከል የወጣውና በአጭሩ ስቶል የሚባለው ነው። ይህ ቋንቋ ወደ ዩኒቨርሲቲዎችና ወደ ንግድ ሶፍትዌር አምራቾች ሲተላለፍ እያንዳንዱ ተቀባይ ለራሱ በሚያመቸው መንገድ አሻሽሎታል፤ የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የራሱ ስቶል አለው፣ የተለያዩ የመቆጣጠሪያ ሶፍትዌሮችም እያንዳንዳቸው ስቶል የሚሉት ዘዬ አላቸው። በአንዱ የተጻፈ ፕሮሲጀር በሌላው ላይ እንዳለ ይሠራል ብሎ መገመት ግን አይቻልም።

ይህ መለያየት የሚያስከፍለው ዋጋ ከቋንቋው ባለቤት ይልቅ የሚከብደው በሳተላይቱ ገዢ ላይ ነው። አንድ የመገናኛ ድርጅት ከአሜሪካም ከአውሮፓም አምራቾች ሳተላይት ሲገዛ ከእያንዳንዱ ጋር በመቶዎች የሚቆጠሩ ፕሮሲጀሮችን አብሮ ይቀበላል፤ እነዚህም አምራቹ በለመደው ቋንቋና አጻጻፍ የተዘጋጁ ናቸው። ሳተላይቱ 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ሲያገለግል የመቆጣጠሪያ ሶፍትዌሩ ሊያረጅና ሊተካ ይችላል፣ ጽሑፎቹን የሚያውቁት ባለሙያዎችም ጡረታ ይወጣሉ። የሶፍትዌር ለውጡ በመጣ ቁጥር በመቶዎች የሚቆጠሩ ጽሑፎች እንደገና መጻፍና እንደገና መረጋገጥ ይኖርባቸዋል። በአምራቹ ፋብሪካ ውስጥም ተመሳሳይ ብክነት አለ፤ ሳተላይቱ ሲገጣጠም ለፍተሻ የተጻፈው ፕሮሲጀር በበረራ ጊዜ ከሚያስፈልገው ጋር በይዘት እጅግ የሚመሳሰል ሆኖ ሳለ፣ ቋንቋዎቹ ስለማይጣጣሙ ለበረራው ሌላ ሰው ሌላ ጽሑፍ ከመነሻው ይጀምራል።

አውሮፓ ለዚህ የሰጠችው መልስ ፕሉቶ የተባለው ቋንቋ ነው። የአውሮፓ የኅዋ ኤጀንሲ፣ የየአገሩ የኅዋ ተቋማትና የኢንዱስትሪው ተወካዮች በ1993 እ.ኤ.አ. የመሠረቱት ኢሲኤስኤስ የተባለ የደረጃ አውጪ ትብብር ቋንቋውን በቁጥር 70-32 በሚታወቀው ሰነድ በ2006 እ.ኤ.አ. ያወጣው ሲሆን፣ በ2008 እ.ኤ.አ. በአዲስ ቅርጽ በድጋሚ አትሞታል። የፕሉቶ ሙሉ ስያሜ ለፍተሻና ለበረራ ተጠቃሚዎች የተዘጋጀ የፕሮሲጀር ቋንቋ እንደማለት ነው፤ ከስያሜው እንደሚታየው በፋብሪካው ፍተሻና በበረራው አስተዳደር መካከል ያለውን ግድግዳ ማፍረስ ከመነሻው የታሰበበት ነበር።

የፕሉቶ ትልቁ አስተዋጽኦ ያለው በአወቃቀሩ ውስጥ ነው። አንድ የፕሉቶ ፕሮሲጀር አምስት ክፍሎች ሊኖሩት ይችላሉ። የመጀመሪያው ፕሮሲጀሩ ሊያስነሣቸው የሚችላቸው ክስተቶች የሚዘረዘሩበት ነው፤ ሁለተኛው ሥራው ከመጀመሩ በፊት መሟላት ያለባቸውን ቅድመ ሁኔታዎች ይይዛል፤ ሦስተኛው ዋናው አካል ነው። አራተኛው፣ ዘብ ሊባል የሚችለው፣ ዋናው ሥራ በሚካሄድበት ጊዜ ሁሉ ጎን ለጎን እየነቃ አንድ አደገኛ ሁኔታ ሲታይ ጣልቃ የሚገባ ሲሆን፣ አምስተኛው የማረጋገጫው ክፍል ሥራው ካለቀ በኋላ የተፈለገው ግብ በእርግጥ መገኘቱን ይመረምራል። በዚህ ምክንያት ፕሮሲጀሩ ሲያልቅ የሚተወው ውጤት በግልጽ የተበየነ ነው፤ ግቡ ተረጋግጧል፣ አልተረጋገጠም፣ ወይም ሥራው ተቋርጧል። በውስጡ ያለ አንድ እርምጃ ከሦስቱ በአንዱ ሲደመደም ቀጥሎ ምን እንደሚሆን፣ ማለትም መቀጠል፣ እርምጃውን እንደገና መጀመር፣ ኦፕሬተሩን መጠየቅ ወይም ሁሉንም ማቆም፣ ጸሐፊው አስቀድሞ ሊወስን የሚችልበት ሥፍራ በቋንቋው ውስጥ ተዘጋጅቶለታል።

ትእዛዝን በማስጀመርና አስጀምሮ በማረጋገጥ መካከል ፕሉቶ ያበጀው ልዩነትም ከዚሁ የመነጨ ነው። ማስጀመር ትእዛዙን ልኮ ወደሚቀጥለው መስመር ማለፍ ሲሆን፣ አስጀምሮ ማረጋገጥ ግን የትእዛዙ ውጤት እስኪታወቅ ድረስ መጠበቅ ነው። ልዩነቱ ተራ የሚመስለው ትእዛዝ ተፈጸመ ሲባል ብዙ ደረጃ እንዳለው ለማያውቅ ሰው ነው፤ ትእዛዙ ከምድር ጣቢያው ወጥቶ ሊሆን ይችላል፣ ሳተላይቱ ተቀብሎት ሊሆን ይችላል፣ መፈጸም ጀምሮት ሊሆን ይችላል፣ ፈጽሞትም ሊሆን ይችላል፤ ፈጽሜያለሁ ብሎ ሪፖርት ያደረገው መሣሪያም የተፈለገውን አካላዊ ለውጥ ላያመጣ ይችላል። አንድ የማዘዣ ቋንቋ ከእነዚህ ደረጃዎች የትኛውን እንደ ማረጋገጫ እንደሚቆጥር ካልተወሰነ በስተቀር ስለ ጋራ ደረጃ መነጋገር አይቻልም።

ጉዳዩ የቃላት ክርክር አለመሆኑን ከ1998 እ.ኤ.አ. የሶሆ መንኮራኩር ታሪክ በላይ የሚያስረዳ ማግኘት ይከብዳል። ሶሆ በአውሮፓ የኅዋ ኤጀንሲና በናሳ ትብብር በታኅሣሥ 1995 እ.ኤ.አ. የተወነጨፈ፣ ከምድር 1.5 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ፀሐይን የሚመለከት መንኮራኩር ነው። አቅጣጫውን የሚለኩለት ጋይሮስኮፖች ዕድሜያቸው እንዲራዘም ሲባል የትእዛዝ ቅደም ተከተሎቹ ተሻሽለው ነበር። የሁለቱ ኤጀንሲዎች የጋራ መርማሪ ቡድን እንዳረጋገጠው፣ ከተሻሻሉት ቅደም ተከተሎች አንዱ መንኮራኩሩ በአደጋ ጊዜ ፀሐይን ፈልጎ ለማግኘት የሚያስፈልገውን ጋይሮስኮፕ የሚያነቃውን የሶፍትዌር ተግባር የሚያስችለው ትእዛዝ ጎድሎት ነበር። በሌላ ቅደም ተከተል ውስጥ በተፈጠረ ስሕተት ደግሞ ሁለተኛው ጋይሮስኮፕ ንባቡ 20 እጥፍ ሆኖ እንዲመጣ ሆነ፤ መንኮራኩሩም ከልክ በላይ የሚሽከረከር መስሎት ወደ አደጋ ጊዜ ሁኔታ ገባ። በመጨረሻ ኦፕሬተሮቹ ባልተሟላ መረጃ ላይ ተመሥርተው ጤናማውን ጋይሮስኮፕ እንደ ተበላሸ ቆጥረው አጠፉት። ሰኔ 25 ቀን ግንኙነቱ ተቋረጠ፤ መንኮራኩሩ በራዳር ተፈልጎ እስኪገኝና ወደ መደበኛ ሁኔታው እስኪመለስ መስከረም ሊያልቅ ደረሰ።

በሶሆ ላይ የጠፋው ትእዛዝ በተለመደው ሥራ ጊዜ የማያስፈልግ ትእዛዝ መሆኑ ሊሰመርበት ይገባል። የተሻሻለው ጽሑፍ ሁሉ ነገር በታቀደው መንገድ ሲሄድ ምንም ጉድለት አያሳይም ነበር፤ ጉድለቱ የታየው ያልታሰበ ነገር ሲከሰት ነው። ፕሮሲጀር ከአንድ ሰው ወደ ሌላው ወይም ከአንድ ቋንቋ ወደ ሌላው ሲሸጋገር ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠፋውም ይኸው ለክፉ ቀን የተጻፈው ክፍል ነው።

ፕሉቶ የመለኪያ አሃዶችን በቋንቋው ውስጥ ማካተቱም በተመሳሳይ ምክንያት ሊመሰገን ይገባዋል። አንድ ዋጋ ያለ አሃዱ ባዶ ቁጥር ነው፤ በፕሉቶ ግን ቮልት ከቮልት፣ ዲግሪ ከዲግሪ ጋር ብቻ የሚነጻጸርበት፣ ተዛማጅ አሃዶችም በሥርዓት የሚቀየሩበት መንገድ ተደንግጓል። ወደ ማርስ የተላከው የአየር ንብረት መንኮራኩር በመስከረም 1999 እ.ኤ.አ. የጠፋው አንዱ የምድር ሶፍትዌር የግፊቱን መጠን በፓውንድ-ሰኮንድ ሲያስተላልፍ ሌላው እንደ ኒውተን-ሰኮንድ ስለተቀበለው ነበር። ያ ስሕተት የተፈጸመው በፕሮሲጀር ቋንቋ ውስጥ ባይሆንም፣ በሁለት የምድር ሥርዓቶች መካከል ቁጥር ብቻ ሲተላለፍ የሚመጣውን ጥፋት ያሳያል።

እንዲህ ያለ የታሰበበት ቋንቋ ከተደነገገ በኋላ ሁሉም ወደ እርሱ አለመግባቱ ማብራሪያ ይሻል። አንደኛው ምክንያት ፕሉቶን ለሰው የሚመቸው ባሕርይ ለኮምፒዩተር የማይመች መሆኑ ነው። ቋንቋው በአነባበቡ ከተራ እንግሊዝኛ ጋር እንዲቀራረብ ሲባል ስሞች በርካታ ቃላትንና በመካከላቸው ያለውን ክፍተት ጭምር እንዲይዙ ይፈቅዳል፤ ስለዚህ የሚያነበው ፕሮግራም አንድ ስም የት ላይ አብቅቶ የቋንቋው ቃል የት ላይ እንደሚጀምር ለመለየት ስለ ሳተላይቱ ዝርዝር ዕውቀት አስቀድሞ ሊኖረው ይገባል። ሁለተኛው ምክንያት ደረጃ ወረቀት መሆኑ ነው፤ ጽሑፉን የሚያርሙ፣ የሚፈትሹና የሚያስኬዱ መሣሪያዎች ካልተከተሉት ተጠቃሚ አያገኝም፣ ጥቂት ሰዎች ብቻ የሚጠቀሙበት ቋንቋ ደግሞ እነዚህን መሣሪያዎች በርካሽ ሊያገኝ አይችልም።

የሉክሰምበርጉ ኤስኢኤስ የመረጠው ሌላ መንገድ ከዚህ አንጻር ሊታይ የሚገባው ነው። ከበርካታ አምራቾች የተገዙ ሳተላይቶችን የሚያስተዳድረው ይህ ድርጅት፣ ከጂኤምቪ ኩባንያ ጋር በመሆን ስፔል የተባለውን ሥርዓት በፓይተን ቋንቋ ላይ ገነባ፤ ምንጩንም ለሕዝብ ክፍት አደረገው። ፓይተን በዩኒቨርሲቲ የሚማሩት፣ መጻሕፍትና ማረሚያ መሣሪያዎች የሞሉለት ቋንቋ በመሆኑ ስፔል የጨመረበት ለሳተላይት ሥራ የሚያስፈልጉትን ጥቂት ተግባራት ብቻ ነው፤ ትእዛዝ መላክ፣ ቴሌሜትሪ ማንበብ፣ ማጣራት፣ መጠበቅ፣ ኦፕሬተሩን መጠየቅ። ማጣራቱ ሲከሽፍ ኦፕሬተሩ ይድገመው፣ ይዝለለው ወይም ያቋርጠው እንደሆነ የሚመርጥበት ሥርዓት አብሮ ተበጅቷል። ከሥር ያለው የመቆጣጠሪያ ሶፍትዌር ሲለያይ የሚለወጠው አገናኙ ክፍል ብቻ ስለሆነ፣ ፕሮሲጀሮቹ በተለያዩ የመቆጣጠሪያ ሶፍትዌሮች ላይ ሳይነኩ ሊያገለግሉ ይችላሉ። ነፃነቱ ግን የራሱ ዋጋ አለው፤ ፓይተን ሁሉንም ነገር ስለሚፈቅድ፣ አንድ ፕሮሲጀር ቅድመ ሁኔታና ማረጋገጫ እንዲኖረው የሚያስገድደው የቋንቋው አወቃቀር ሳይሆን የድርጅቱ የውስጥ ሥነ ሥርዓት ነው።

ቋንቋዎቹ እንዳሉ እንዲኖሩ፣ በመካከላቸው ግን ተርጓሚ ፕሮግራም እንዲሠራ የሚለው ሦስተኛው መንገድ የመነጨው ሁሉም በአንድ ቋንቋ ካለመስማማቱ ነው። ኦኤምጂ የተባለው የሶፍትዌር ደረጃ አውጪ ድርጅት በአጭሩ ሶልም የተባለ፣ ለሳተላይት ማዘዣ ቋንቋዎች የጋራ የሆነ የበላይ ሞዴል አዘጋጅቷል። የበላይ ሞዴል ማለት ራሱ ሰው የሚጽፍበት ቋንቋ ሳይሆን በየቋንቋው ውስጥ ያሉት ጽንሰ ሐሳቦች፣ ማለትም እርምጃ፣ ትእዛዝ፣ ጥበቃ፣ ቅርንጫፍ፣ ማረጋገጫ፣ በአንድ ቦታ የሚበየኑበት መዋቅር ነው። ተርጓሚው የመነሻውን ጽሑፍ ተንትኖ ወደዚህ መዋቅር ያገባዋል፣ ከመዋቅሩም በመድረሻው ቋንቋ መልሶ ያወጣዋል። ጥቅሙ በስሌት ይታያል፤ አሥር ቋንቋዎች ቀጥታ እርስ በርስ ይተርጎሙ ቢባል 90 ተርጓሚዎች ያስፈልጋሉ፣ በመካከል አንድ መዋቅር ካለ ግን 20 ይበቃሉ።

ችግሩ የሚጀምረው ሰዋስዉ ከተተረጎመ በኋላ ነው። የአንድ ባትሪ ቮልቴጅ ከ28 እስኪበልጥ ጠብቅ፣ ነገር ግን ከ60 ሰኮንድ በላይ አትጠብቅ የሚል አንድ መስመር ይታሰብ። 60ው ሰኮንድ ሲያልቅ አንዱ ቋንቋ ቆሞ ኦፕሬተሩን ሊጠይቅ ይችላል፤ ሌላው ምልክት ብቻ ትቶ ወደሚቀጥለው መስመር ሊያልፍ ይችላል፤ ሦስተኛው እርምጃውን ከሽፏል ብሎ ሊያቋርጠው ይችላል። ቮልቴጅ ሲባልስ አሁን በእጅ ያለው፣ ምናልባትም ከደቂቃዎች በፊት የደረሰው ንባብ ነው፣ ወይስ ከዚህ በኋላ የሚመጣው አዲሱ? በሦስቱም ቋንቋዎች መስመሩ አንድ ዓይነት ሊመስል፣ በተለመደው ሁኔታ በሚደረግ ሙከራም አንድ ዓይነት ውጤት ሊያሳይ ይችላል። የፕሉቶው ዘብ ደግሞ ከዚህ የባሰ ያስቸግራል፤ መስመሮችን አንድ በአንድ ብቻ በሚያስኬድ ቋንቋ ውስጥ ጎን ለጎን የሚነቃ ነገር ስለሌለ፣ ተርጓሚው ወይ ምርመራውን በየመስመሮቹ መካከል መሰግሰግ ወይም ሌላ ራሱን የቻለ ፕሮሲጀር ከፍቶ ማስሮጥ አለበት። የመጀመሪያው አደጋውን ዘግይቶ ያየዋል፤ ሁለተኛው ዋናውን ሥራ ማስቆም የሚችልበት ሥልጣን ይኖረው እንደሆነ በመድረሻው ሶፍትዌር ላይ የተመሠረተ ነው።

ስለዚህ አንድ ተርጓሚ ፕሮግራም ከመቶ ይህን ያህል መስመር ያለ ሰው እርዳታ ይተረጉማል የሚለው ማስታወቂያ ብዙም የሚያስረዳው ነገር የለም። ትእዛዝ የሚልኩት መስመሮች በቁጥር ይበልጣሉ፣ ለመተርጎምም ይቀላሉ፤ ለሰው የሚተርፉት ጥቂቶቹ መስመሮች ሳተላይቱን ለማዳን የተጻፉት ናቸው። የተተረጎመ ፕሮሲጀር አዲስ ፕሮሲጀር ነው፤ በማስመሰያ መሣሪያ ላይ እንደገና ሊፈተሽ፣ ፍተሻውም ቴሌሜትሪው ሲዘገይ፣ ትእዛዙ ሲጠፋ፣ ማረጋገጫው ሳይመጣ ሲቀር የሚሆነውን ሆን ተብሎ የሚያካትት ሊሆን ይገባዋል። ይህ ሥራ የትርጉሙን ቁጠባ ይበላዋል ብለው የሚያማርሩ አሉ። አዎ፣ ከፊሉን ይበላዋል፤ ያለ እርሱ የሚገኘው ቁጠባ ግን ለኋላ የተላለፈ ዕዳ ነው።

በንጽጽር ብዙም የማያከራክረው የስሞቹ ጉዳይ ነው። ፕሮሲጀር የሚጠቅሳቸው ትእዛዞችና መለኪያዎች በአንድ የመረጃ ቋት ውስጥ ካልተመዘገቡ የትኛውም ተርጓሚ አይሠራም። ኢሲኤስኤስ ለዚህ በቁጥር 70-31 ባወጣው ሰነድ የኅዋ ሥርዓቱን ከሙሉው ወደ ክፍሎቹ እየወረደ የሚዘረዝር፣ በእያንዳንዱ ክፍል ሥር የሚደረጉትን ተግባራት፣ የሚነበቡትን መረጃዎችና የሚከሰቱትን ክስተቶች የሚያስቀምጥ ሞዴል ደንግጓል። ኦኤምጂ ሲሲኤስዲኤስ ከተባለው የኅዋ መረጃ ደረጃ አውጪ ኮሚቴ ጋር ያወጣው ኤክስቲሲኢ የተባለው የጋራ ደረጃ ደግሞ ትእዛዞችንና ቴሌሜትሪን በአንድ የፋይል ቅርጽ ለመለዋወጥ ያገለግላል። በአውሮፓ ኤጀንሲዎችና አምራቾች ስምምነት የተጀመረው ኢጂኤስ-ሲሲ የተባለው የጋራ የምድር ሶፍትዌርም ከፋብሪካ ፍተሻ እስከ በረራ ድረስ አንድ መሠረት እንዲኖር ያለመ ነው፤ መሣሪያው አንድ ሲሆን የቋንቋው ልዩነት በራሱ ጊዜ እየጠበበ ሊሄድ ይችላል።

ጉዳዩ ኢትዮጵያንም ይነካል። በታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና የተወነጨፈችው ኢቲአርኤስኤስ-1 የምድር ምልከታ ሳተላይት ከእንጦጦ የምድር ጣቢያ ጋር ስትሠራ፣ አገሪቱ ሳተላይት ከሚያስተዳድሩት ወገን ሆነች። የሚቀጥሉት ሳተላይቶች ከሌላ አምራች ሊገዙ ወይም በአገር ውስጥ ሊሠሩ ይችላሉ፤ በዚያን ጊዜ በየቋንቋው የተጻፉ ፕሮሲጀሮች በአንድ ማዕከል ይገናኛሉ። እንዲህ ላለ አነስተኛ ማዕከል የፕሉቶን ወይም የስፔልን ወገን ከመምረጥ የሚቀድሙ ጥያቄዎች አሉ፤ ትእዛዞቹና መለኪያዎቹ በኤክስቲሲኢ ወይም በተመሳሳይ ክፍት ቅርጽ ይቀርባሉ ወይ፤ በእያንዳንዱ ፕሮሲጀር ውስጥ ማረጋገጫ የሚባለው ከየትኛው ደረጃ ላይ እንደሚቆጠር፣ የጥበቃ ጊዜ ሲያልቅም ምን እንደሚሆን በጽሑፍ ሰፍሯል ወይ፤ የሳተላይቱ ማስመሰያ ሶፍትዌር ከፕሮሲጀሮቹ ጋር አብሮ ለማዕከሉ ይሰጣል ወይ። አምራቹ እነዚህን ለመስጠት የሚገደደው በግዢው ውል ውስጥ ከተካተቱ ነው።